ዓሣዋ፣ አያ አሞሌና ዝምተኛው ሸምበቆ

ተረቴን ላምጣ፤ እናንተም ጆሯችሁን አምጡ።

ድሮ፣ ጨው ሲናገር ውሃ ይመልስ በነበረበት ዘመን፣ አንዲት ቢጫ የባሕር ዓሣ በእመት ድንቅነሽ ቤት በብርጭቆ ገንዳ ትኖር ነበር። ያጠመዳት ሰው ከባሕሯ ውሃ ጋር አንድ ሸምበቆ ጨምሮላት ነበር። ሸምበቆው አንገቱ ላይ ምልክት አለው፤ እስከ ምልክቱ ድረስ ሰጥሞ ቀጥ ብሎ ይንሳፈፋል፤ አይናገርም።

ዓሣዋ ለዓመታት አንድ ጥያቄ ይዛ ኖረች፤ ባሕሩን ጨው ያደረገው ማንም ይሁን ማን፣ «በቃ» ያለው በምን አውቆ ነው? ዓይናፋር ስለነበረች ግን ማንንም አልጠየቀችም።

አንድ ቀን የገንዳዋ የባሕር ውሃ ቆሸሸ። አዲስ ካልተበጀ ዓሣዋ መሞቷ ነው። እመት ድንቅነሽ የምንጭ ውሃ አስቀዱ፣ አሞሌ ጨው አስመጡ።

«ስንት ሠርግ ደግሻለሁ፤ እጄ ጨው አይስትም» አሉና አንድ እፍኝ ገንዳዋ ውስጥ ዓሣዋ ላይ በተኑ። ጀርባዋን አቃጠላት። ልትጮህ አሰበች፤ አፈረች።

«እሜቴ፣ ቋንጣ ሊያደርጓት ነው?» አለች ጭልፋ ጨዉን እያወጣች።

ሁለተኛ በእንስራ ሞከሩ። አያ አሞሌ ግን ኮራ። «ከአፋር በግመል የመጣሁ ነኝ። ውሃ ወደ እኔ ትምጣ እንጂ እኔ ወደ እሷ አልሄድም።»

«ይሁንልህ» አለች ውሃ፤ ላዩ ላይ ፈሰሰች። አያ አሞሌ ተጋግሮ ከሥር ቀረ።

«ተነሥ እንጂ» አለች ጭልፋ።

«ወገቤን ያዘኝ።»

ሦስተኛ ውሃ ቀደመች፤ ጨው ጥቂት በጥቂት ተከተለ፤ ጭልፋ ክንዷ እስኪዝል አማሰለች። ውሃው ጠራ። እመት ድንቅነሽ ቀመሱ። «ጎደለው» ብለው ጨመሩ። ቀመሱ፤ «ጎደለው» ብለው ጨመሩ። በርበሬ የለመደ ምላስ መች ይጠግባል? በመጨረሻ «አሁን ጣፈጠ» አሉና ዓሣዋን በጭልፋ አነሡ።

ዓሣዋ እንስራው አፍ ላይ ስትደርስ ነፍሷ ከእፍረቷ በለጠች።

«እሜቴ፣ ሸምበቆው ይቅደም።»

«ይህች ትናገራለች እንዴ?» አሉ እመት ድንቅነሽ፤ ግን ወደ ገንዳዋ መልሰው ሸምበቆውን እንስራው ውስጥ ጣሉት። ምልክቱ ከውሃው በላይ ወጥቶ ቀረ።

«ባሕር ውስጥ እስከ አንገቴ እገባ ነበር» አለ ዝምተኛው ሸምበቆ ለመጀመሪያ ጊዜ አፉን ከፍቶ። «እዚህማ እምብርቴ ታየ፤ አሳፈራችሁኝ።»

የምንጭ ውሃ ጨመሩ። ሸምበቆው ወረደ። ደግሞ ጨመሩ። ወረደ። ምልክቱ ውሃውን ሲነካ «በቃ» አለ ሸምበቆ። የዓሣዋ የዓመታት ጥያቄ መልስ አገኘ።

«ታዲያ ምላሴስ?» አሉ እመት ድንቅነሽ።

«ለወጥ ያቆዩት» አለች ጭልፋ።

ውሃው አድሮ ረጋ፤ ዓሣዋ በማግስቱ ገባችበት። ከዚያ ወዲያም አዲስ ውሃ በተበጀ ቁጥር ሳትጠየቅ፣ ከሁሉ ቀድማ «ይለካ» ለማለት ቆረጠች፤ አፍራ የቀረች ዓሣ፣ ቋንጣ ሆና ትነሣ።