ትርንጎ፣ ሶኬቱና ምድር ቤት የቀረው መጽሐፍ

ተረት አለኝ። ላምም በረትም የለበትም፤ ያለበት አንድ የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ነው። ጊዜ ያለው ይቀመጥ፣ የቸኮለ ቆሞም ቢሆን ይስማ።

ትርንጎ የምትባል የሁለተኛ ዓመት የግብርና ተማሪ ነበረች። የፈለገችው ትንሽ ነገር ነው፤ አንድ የአፈር ሳይንስ መጽሐፍ፣ ለዛሬ ብቻ። በዚሁ ትምህርት ወድቃ ድጋሚ ፈተናው ነገ ጠዋት ነው። ነገም ከወደቀች ሻንጣዋን ዘግታ ወደ አገሯ መሄዷ ነው። እናቷ ደግሞ «ልጄ የታመመ መሬት ልታክም ነው» ብለው ለሰፈሩ ሁሉ አውርተው ጨርሰዋል። ትርንጎ ፈርታለች። ፈርታ ግን አልተቀመጠችም፤ ምሳዋን እንኳ ሳትበላ ቤተ መጻሕፍት ገባች።

መጽሐፍ የሚያውሱት እትዬ ጥሩዬ ናቸው። መጽሐፉ አለ፣ ግን ምድር ቤት ነው፣ የምድር ቤቱ አምፖል ደግሞ ተቃጥሏል አሏት። ትርንጎ ስልኳን አውጥታ በዚህ ላብራልዎት አለች።

«የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም» አሉ እትዬ ጥሩዬ። «አምና በስልክ መብራት ወርጄ ነው እግሬን የተሰበርኩት። አምፖሉ ይሰቀልና እወርዳለሁ።»

እኔ ልውረድ እንዳትል፣ ምድር ቤት ለተማሪ ክልክል ነው። እትዬ ጥሩዬ ያለ አምፖል አልወርድም አሉ፤ መጽሐፉም ምድር ቤት ቀረ።

ትርንጎ የመብራት ሠራተኛውን አቶ ውብእሸትን ፍለጋ ወጣች። ከሕንፃው ጀርባ ፀሐይ ሲሞቁ አገኘቻቸው። አዲስ አምፖል ኪሳቸው ውስጥ አለ፤ ችግሩ ጣሪያው ነው። ምድር ቤቱን የሠራው ሰው ዝሆን ሊያቆምበት ያሰበ ይመስል ጣሪያውን ሰቅሎታል። ጠረጴዛ ደራርበው የሚወጡበት ዕድሜ እንዳለፈ ነገሯት። አቶ ውብእሸት ያለ መሰላል አልሰቅልም አሉ፤ እትዬ ጥሩዬ ያለ አምፖል አልወርድም አሉ፤ መጽሐፉም ምድር ቤት ቀረ።

መሰላሉ ያለው በር ላይ፣ ጥበቃው ጋሽ ደምሰው ዘንድ ነው። ግን መሰላሉም ሥራ ላይ ነው። የጣሪያው አሸንዳ አንድ ወገኑ ተገንጥሎ ከመግቢያው በላይ ተንጠልጥሏል፤ የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ ጋሽ ደምሰው በመሰላሉ ደግፈውታል። ቢያነሱት አሸንዳው የሚወርደው በተማሪ አናት ላይ ነው፤ ከዚያ በኋላ መጽሐፍ ለማን ሊሆን ነው ብለው ጠየቋት። እውነታቸውን ነው። ጋሽ ደምሰው አሸንዳው ሳይበየድ መሰላል አልሰጥም አሉ፤ አቶ ውብእሸት ያለ መሰላል አልሰቅልም አሉ፤ እትዬ ጥሩዬ ያለ አምፖል አልወርድም አሉ፤ መጽሐፉም ምድር ቤት ቀረ።

በያጁ ሰይድ ይባላል። መበየጃውን ከንባብ አዳራሹ መስኮት ሥር፣ በውጭ በኩል አስቀምጦ ከጠዋት ጀምሮ እጁን አጣምሮ ቆሟል። ገመዱ አጭር ነው። የሚደርስለት ከመስኮቱ ውስጥ ያለው ሶኬት ብቻ ነው፤ በአዳራሹ ያልተቃጠለውም ሶኬት እሱ ብቻ ነው። እሱን ደግሞ አንድ ተማሪ ይዞታል፤ ሰይድ ሁለት ጊዜ ቢለምነው ተማሪው ጭራሽ ቀና ብሎ አላየውም። ሰይድ ያለ ሶኬት አልበይድም አለ፤ ጋሽ ደምሰው ሳይበየድ መሰላል አልሰጥም አሉ፤ አቶ ውብእሸት ያለ መሰላል አልሰቅልም አሉ፤ እትዬ ጥሩዬ ያለ አምፖል አልወርድም አሉ፤ መጽሐፉም ምድር ቤት ቀረ።

ሶኬቱን የያዘው ይርዳው ነው፤ የትርንጎ የክፍል ጓደኛ፣ እሱም ነገ ድጋሚ ተፈታኝ። የሚያነበው ከስልኩ ነው። አንድ ነባር ተማሪ የዚያኑ መጽሐፍ ገጾች ድሮ ፎቶ አንስቶ ሰጥቶታል፤ ግማሹ ፎቶ ላይ ጽሑፉን የሸፈነ አውራ ጣት አለ። የስልኩ ባትሪ ሞቷል፣ ከተነቀለ ይጠፋል። መጽሐፉን አምጪልኝና አሁኑኑ እነቅላለሁ አላት።

እንግዲህ ስሙ። ይርዳው ያለ መጽሐፍ አልነቅልም አለ፤ ሰይድ ያለ ሶኬት አልበይድም አለ፤ ጋሽ ደምሰው ሳይበየድ መሰላል አልሰጥም አሉ፤ አቶ ውብእሸት ያለ መሰላል አልሰቅልም አሉ፤ እትዬ ጥሩዬ ያለ አምፖል አልወርድም አሉ፤ መጽሐፉም ምድር ቤት ቀረ፤ መጽሐፉ ምድር ቤት ስለቀረም ይርዳው አልነቅልም አለ።

ትርንጎ ልታለቅስ ምንም አልቀራት። ገመዱን መንጭቃ ልትሮጥም አሰበች። የይርዳውን ዓይን ስታይ ግን ያው የራሷን ፍርሃት አየችበት። ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠች።

«ንቀለው፣ ይርዳው» አለች። «መጽሐፉ ከወጣ አብረን እናነባለን። ካልወጣ እኔም እንዳንተ ባዶዬን ነው የምፈተነው። ብቻህን አልተውህም።»

«ትምያለሽ?»

«እናቴ ትሙት።»

ይርዳው አንድ ጊዜ ስልኩን አየ፤ ነቀለው፤ ስልኩም ጠፋ። ሶኬቱ ተለቀቀ፣ ሰይድ በየደ፤ አሸንዳው ተያዘ፣ ጋሽ ደምሰው መሰላሉን ሰጡ፤ አቶ ውብእሸት ወጡ፣ አምፖሉን ሰቀሉ፤ ምድር ቤቱ በራ፣ እትዬ ጥሩዬ ወረዱ።

ወርደው ቆዩ። ትርንጎና ይርዳው ደረጃው አፍ ላይ ቆመው ጠበቁ፤ መጽሐፉን አይጥ በልቶት ይሆን ብለውም ሰጉ። በመጨረሻ እትዬ ጥሩዬ አቧራ ለብሰው ወጡ፤ የያዙት አንድ መጽሐፍ ሳይሆን እስከ አገጫቸው የደረሰ ክምር ነው። ሁሉም የአፈር ሳይንስ። አምፖሉ ከተቃጠለ በኋላ የመጣ ካርቶን በጨለማው ወርዶ፣ ማንም ሳይከፍተው እዚያው ተቀምጦ ኖሯል።

እትዬ ጥሩዬ ክምሩን አስቀምጠው ወንበራቸው ላይ ዘፍ አሉ።

«አንድ ብቻ ነው፣ እሱም ጨለማ ውስጥ ነው እያልኩ ስንቱን ልጅ መለስኩት» አሉ ለራሳቸው።

ለትርንጎ አንድ፣ ለይርዳው አንድ ሰጧቸው። ይርዳው የራሱን አቅፎ፣ አሁን እኮ የየራሳችን አለን፣ ደስ ካለሽ ብቻሽን ማንበብ ትችያለሽ አላት። ትርንጎ ወንበሯን ወደ እሱ አስጠጋች።

«ምያለሁ እኮ» አለችና የመጀመሪያውን ገጽ ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች። እትዬ ጥሩዬም ዝም በሉ አላሏቸውም።

እኔም ተረቴን እዚሁ አስቀመጥኩት። ቦታው መብራት አለው፤ የፈለገ ወርዶ ይውሰደው።