እግሩን ያላረጠበ መራጭ

በዚያ ጫካ ሥርዓት ነበረ። አንበሳው ድንጋዩ ላይ ይተኛል፤ ሕግ የሚያወጣው ምክር ቤቱ ነው፤ የምንጩን ዳኛ ግን በየሁለት ዓመቱ እንስሳው ሁሉ ይመርጣል። ማን መቼ ውሃ እንደሚጠጣ የሚወስነው ዳኛው ስለሆነ ምርጫው የቀልድ ነገር አልነበረም። መራጩ ስሙ ሲጠራ ወንዙን ይሻገራል፤ እግሩ እንደረጠበም ሸንጎው ፊት ቆሞ የመረጠውን ይናገራል። እግሩን ያላረጠበ ድምፅ የለውም።

ሌላም ልማድ ነበረን። የጠፋ እንስሳ ስም መጠራቱ የሚቀረው ዘመዱ ሸንጎ ቆሞ መርዶውን ሲናገር ብቻ ነው። እመት ድኩላ ልጇ ትርንጎ ጉም ውስጥ ገብታ ከቀረች ወዲህ መርዶ አልተናገረችም። ትመጣለች እያለች የመኝታዋን ሣር ትቀይር ነበር። እኛም አዘንንላትና ተውናት፤ የጠፋ ስም ወንዝ ስለማይሻገር ማንንም አይጎዳም ብለን።

ምርጫው ሲቃረብ የተወዳዳሪው የአያ ጅቦ ጉዳይ አስፈጻሚ ቀበሮ በምክር ቤት አባላት ደጅ መመላለስ አበዛ። በሄደበት ሁሉ በቅጠል የተጠቀለለ ማር ይይዛል። ጉቦ ነው ያለ አልነበረም፤ የጉሮሮ ማለስለሻ ነው ተባለ። ብዙም ሳይቆይ አፈ ጉባኤው አያ ዝንጀሮ ከንፈሩን እየላሰ አዲስ ሕግ አወጀ። ደካማና ሽማግሌ በቀዝቃዛ ውሃ እንዳይንገላታ፣ ማንም ካለበት ቁጥቋጦ ሆኖ ድምፁን ቢያሰማ ይቆጠርለታል። ኤሊ ብቻ፣ ጅብ ለደካማ ሲያዝን ስትሰማ የመጀመሪያዋ መሆኑን ተናገረች። ሳቅንና ወደየቤታችን ሄድን።

ጅብ የበላውን እንስሳ ድምፅ ይወርሳል ሲባል በልጅነታችን ሰምተናል። የልጅ ማስፈራሪያ ይመስለን ነበር።

የምርጫው ዕለት ጠዋት ጉሙ አልተገፈፈም። ወንዙን የተሻገርነው ነባሩን ዳኛ ከርከሮን መረጥን። ከማዶው ቁጥቋጦ ግን አያ ጅቦን የሚመርጡ ድምፆች ይመጡ ጀመር። አወቅናቸው። ቤተሰባቸው ሁሉ አልቆ መርዶ ተናጋሪ ያልተረፈላቸው፣ ጠፍተው የቀሩ ጥንቸሎችና ሚዳቋዎች ነበሩ። ፈራሁ።

በመጨረሻ ትርንጎ ተጠራች።

«አያ ጅቦ» አለች ከጉሙ ውስጥ። እንደ ልማዷም ትንሽ ሳል አለች።

የእመት ድኩላ ጆሮዎች ቀጥ አሉ። አያ ዝንጀሮ ቆጠራውን ጨርሶ፣ አያ ጅቦ በአንድ ድምፅ መብለጡን ገለጸ፤ ድምፁ እኩል ቢሆን ወንበሩ ለነባሩ ዳኛ ይጸና ነበር። ቀጥሎም ትርንጎ ሞታለች የሚል ዘመድ ካለ አሁኑኑ ይናገር አለ።

ኤሊ እያዘገመች ተጠጋቻት። «እመት ድኩላ፣ አንድ ቃል ነው። የሁላችን ውሃ አንቺ አፍ ላይ ነው ያለው።»

«አንድ ቃል መሆኑን አውቃለሁ» አለች እመት ድኩላ። «ከተናገርኩት በኋላ ግን ድምፅዋን ዳግመኛ አልሰማውም።»

ፊቷን ወደ ቁጥቋጦው መለሰች፤ መርዶውን አልተናገረችም። በእሷ መፍረድ ይቀላል። ነገር ግን ከእኛም ውስጥ ተመልሶ ቁጥቋጦውን ገልጦ ያየ አልነበረም፤ ሕጉ ይህን አልከለከለም።

አያ ጅቦ ተመረጠ። ከዚያ ወዲህ ውሃ የምንጠጣው አንድ አንድ እየሆንን እንዲሆን ታዘዘ፤ ለጸጥታ ሲባል። እመት ድኩላ በየማለዳው ቁጥቋጦው ዳር ቆማ የልጇን ስም ትጠራ ነበር። መልስም ታገኝ ነበር። አንድ ማለዳ መልሱን ተከትላ ገባች።

በተከታዩ ምርጫ አያ ዝንጀሮ የመራጩ ቁጥር በአንድም እንዳልቀነሰ በኩራት ገለጸ። ስም ሲጠራ መጀመሪያ ትርንጎ ከቁጥቋጦው መለሰች፤ ሳለችም። ከአጠገቧ እናቷ መለሰች።

ተቃውሞ ያለው ዘመድ ይናገር ተባለ። በዚያን ቀን እግራችንን አርጥበን የቆምነው እኔና ኤሊ ብቻ ነበርን። ሁለታችንም ዘመዷ አልነበርንም።