ተራዋን የተቀማችው አህያ

«ጥፋቱ የጭጋጉ ነው» አትበሉኝ! ተራራ ላይ ጭጋግ ምን አዲስ ነገር አለው? መጀመሪያ ስሙኝ፣ ከዚያ ትፈርዳላችሁ።

አንድ ጊዜ አንበሳ የቆላው ሙቀት ሰለቸውና ለእረፍት ወደ ደጋ ወጣ። ከተራራው ጫፍ ሆኖ ፏፏቴውን ሊያይ፣ ጭላዳዎች ፀሐይ ሲሞቁ ሊመለከት፣ ጅብራ የሚባለው የደጋ ዛፍ ሥር ድንኳን ተክሎ ሊያድር። ተራራው በር ላይ ቀበሮ ተቀምጧል። ሥራው ተራ ማስከበር ነው፤ እንግዳ ሲመጣ ተራው የደረሰው መሪ ይዞት ይወጣል። የዚያን ቀን ተራው የአህያ ነበር። ስንት ዓመት ዕቃ ስትሸከም ኖራ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ መሪ ልትሆን!

ጅብ ግን በጠዋት መጥቶ ለቀበሮ አንድ ወፍራም የበግ ላት ሰጥቶታል። ለምን? የእንግዳው ስንቅ ሥጋ መሆኑን ሰምቶ ነዋ!

«አቶ ቀበሮ፣ ዛሬ እኮ የኔ ተራ ነው» አለች አህያ።

«ማን አለሽ?»

«እርስዎ አይደሉ እንዴ ትናንት የነገሩኝ!»

«ትናንት ትናንት ነው። ዛሬ የሚመራው አያ ጅቦ ነው። አንቺ ድንኳኑን ተሸከሚ» አለ ቀበሮ፣ ጢሙ ላይ የቀረውን ጮማ እየላሰ።

ወጡ። ጅብ ከፊት፣ አንበሳ መሃል፣ አህያ ስንቅና ድንኳን ተጭና ከኋላ። መንገዱ ጠባብ ነው፤ ባንድ በኩል ቋጥኝ፣ ባንድ በኩል ገደል። አህያ የምትሄደው በገደሉ በኩል ነው፤ በቋጥኙ በኩል ከሄደች ጭነቱ ድንጋይ እየመታ ወደ ገደሉ ይገፈትራታል። ጅብ ይሄ የት ይገባዋል!

«ይመልከቷት ጌታዬ፣ ገደል ናፍቋታል!» ብሎ ሳቀባት።

እኩለ መንገድ ላይ ደግሞ «በአቋራጭ እንሂድ» አለ። ሐሳቡ ቶሎ ደርሶ መብላት ነው።

«አያ ጅቦ፣ በዚያ በኩል እኮ መንገድ የለም።»

«ዝም በይ! መሪው ማነው?»

በአቋራጩ ገብተው ብዙም ሳይሄዱ ጭጋጉ ከታች እየተንከባለለ መጥቶ ዋጣቸው። የራሳቸውን እግር እንኳን ማየት አቃታቸው። ጅብ አንድ እርምጃ ተራመደ። የረገጠው ድንጋይ ተንዶ ወረደ፤ መሬት ሲነካ ድምፁ አልተሰማም።

«በየት በኩል ነው?» አለ አንበሳ።

«በ... በዚህ በኩል መሰለኝ።»

«መሰለኝ?!»

አህያ አፍንጫዋን ወደ መሬት ደፋች። ከፊቷ አንበሳ፣ ከዚያ ወዲያ ጅብ ነው ያለው! ግን ነፋሱ የፋንድያ ሽታ አመጣላት። ጭነት ይዘው የሚወጡ አህዮች ሁሉ የሚያርፉት የታወቀ ቦታ ላይ ነው፤ ፋንድያቸውንም እዚያው ይጥላሉ። ፋንድያ ካለ መንገድ አለ!

«ጌታዬ፣ ጭራዬን በአፍዎ ይያዙና ይከተሉኝ። እንዳይነክሱኝ ብቻ አደራ!»

«እኔስ ምን ልያዝ?» አለ ጅብ፣ ሊያለቅስ ምንም ሳይቀረው።

«የኔን ጭራ» አለ አንበሳ። «ጥርስህ ትንሽ ቢነካኝ ግን ድንጋዩን ተከትለህ ትወርዳለህ!»

ጅብ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥጋ በአፉ ይዞ ሳያኝክ ሄደ።

አህያ እያሸተተች፣ እየቆመች፣ ደግሞ እያሸተተች ጫፉ ላይ አወጣቻቸው። ጭጋጉም ተገለጠ። ፏፏቴው ቀስተ ደመና ይዞ ይወርዳል፤ ጭላዳዎች ሣር እየነጩ ይንጫጫሉ። አንበሳ ቁጭ ብሎ ፀሐይ እስክትዘቀዝቅ አየ።

«በሚቀጥለው ልጆቼን ይዤ እመጣለሁ» አላት። «የምትመሪን ግን አንቺ ነሽ!»

ከዚያ ወዲህ በዚያ ተራራ ላይ እንግዳ የምትመራው እሷ ናት።

ከዚህ የምንማረው፣ መንገዱን የሚያውቀው ብዙ ጊዜ ሸክም ይዞ ከኋላ የሚሄደው መሆኑን ነው። አንተ ቀበሮ ግን ጢምህን መላሱን ተውና መልስልኝ፤ ያ የተናደው ድንጋይ እንግዳው ቢሆን ኖሮ፣ ጥፋተኛው ማነው ልትል ነበር? ጭጋጉ?!