የደጎቹ ሰዎች ጄሪካን

አንዲት ሾፌር ነበረች። ባሏ ከሞተ ወዲህ የሚኒባሷን መሪ ራሷ ጨብጣ ቤቷን የምታስተዳድር ሴት ናት። መኪናዋ ከቆመች ልጆቿ የሚበሉትን ያጣሉ፤ ነገሩ ይኸው ነው። ልጄ፣ ቅድም «አባ፣ ሁሉም የሚመክረኝ ደግ ደጉን ነው፤ ታዲያ ትዳሬ ለምን ከቀን ወደ ቀን ይሻክራል?» ስትዪኝ ትዝ ያለችኝ እሷ ናት። የንስሐ አባቴ ዛሬ ምን ነክቷቸው ነው የመኪና ወሬ የሚያወሩኝ አትበዪ። ታገሺና ስሚኝ።

ይህች ሴት ሚኒባሷን የገዛች ዕለት ከሁሉ አስቀድማ ያጣራችው የኩላንቱን ነገር ነው። ኩላንት ማለት ራዲያተሩ ውስጥ ገብቶ፣ ሞተሩን እየዞረ ሙቀቱን የሚያወጣለት ፈሳሽ ነው። ብዙ ሰው በቀለሙ ይመርጠዋል፤ አረንጓዴ ደስ ያለው አረንጓዴ፣ ቀይ ደስ ያለው ቀይ ይገዛል። ጎረቤቱ የገዛውን አይቶ የሚገዛም ሞልቷል። እሷ ግን ቀለሙን ፋብሪካ እንዳሻው እንደሚነክረው ታውቃለች። ስለዚህ ሞተሯ ከምን እንደተሠራ፣ የሠራውም ፋብሪካ የትኛውን ዓይነት እንዳዘዘለት ጠይቃ ተረዳች፤ ከዚያ ወዲህ ከዚያ ዓይነት በቀር ሌላ ጠብታ አስገብታበት አታውቅም። ከገበያ ሲጠፋ ሱቅ ለሱቅ ትዞራለች። ጓደኞቿ ሾፌሮች «የሕፃን ወተት እንኳ እንዲህ አይመረጥም» እያሉ ይስቁባት ነበር፤ እሷም አብራቸው ትስቃለች።

አንድ ቀን አንድ ሙሽራና ሚዜዎቹን ጭና በዓባይ በረሃ በኩል ወደ ደጀን ጉዞ ጀመረች። ሙሽሪት ከደጀን አለፍ ብሎ ባለ መንደር ትጠብቃለች። ቁልቁለቱን በሰላም ወረዱ፣ ድልድዩን ተሻገሩ። ዳገቱ መሀል ሲደርሱ ግን የሙቀት መለኪያው ሽቅብ ወጣ። ጥግ ይዛ ቆመች፣ ሞተሩን አጠፋች፣ ኮፈኑን ከፈተች። የራዲያተሩ የጎማ ቱቦ ማሰሪያ ላልቶ ኩላንቱ መንገድ ላይ ፈስሷል። ማሰሪያውን ማጥበቁ ከባድ አልነበረም። የፈሰሰውን በምን ትተካው? በትርፍ የምትይዘውን ባለፈው ጉዞ ጨርሳ፣ በሠርጉ ጥድፊያ ሳትገዛ ወጥታለች። እሷም ሰው ናትና ያን ዕለት ተዘናግታ ነበር።

በዚያ በረሃ የሚመላለሱ ሾፌሮች ደግሞ ኮፈኑ የተከፈተ መኪና አይተው ማለፍ አይሆንላቸውም። አንዱ ሲቆም ሌላው ሲቆም፣ እሷ ሞተሩ እስኪበርድ በምትጠብቅበት ጊዜ ዙሪያዋን ሰው ሞላ። ሁሉም ያለውን ይዞ ወርዷል። አንዱ አረንጓዴ ኩላንት፣ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ደግሞ ምን እንደሆነ እሱም በውል የማያውቀውን ሰማያዊ ነገር ይዞ መጣ። እንዲህ ያለውን ስጦታ አልፈልግም ማለት፣ ወደ አፍ የቀረበ ጉርሻ እንደ መመለስ ነው። ሰው ይቀየማል።

ከመካከላቸው በዚያ መንገድ ላይ ያረጁ፣ ሾፌሩ ሁሉ የሚያከብራቸው አንድ የከባድ መኪና ሾፌር ነበሩ። ሞተሩ መብረዱን በእጃቸው ዳሰው አረጋገጡ፤ ክዳኑን ራሳቸው ከፈቱ፤ «ዞር በይ ልጄ፣ እኔ እሞላልሻለሁ» ብለው ጄሪካናቸውን አዘነበሉ።

ሴትዮዋ በዚያች ቅጽበት የሆነችውን አስቢው። እኒህን አረጋዊ በሰው ፊት እምቢ ብትል ነውር ነው። ሙሽራው ሰዓቱን እያየ ይቁነጠነጣል፤ ከዘገየች ነገ ማን ሠርገኛ አምኖ ይሰጣታል? እሺ ብትል ደግሞ ሞተሯን በገዛ ፈቃዷ ማሳመሟ ነው፤ ሞተሩ ማለት ልጆቿ ናቸው። መዳፏን በራዲያተሩ አፍ ላይ ጫነች። ከጄሪካኑ የፈሰሰው ኩላንት በእጇ ጀርባ ላይ ወረደ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሼ» አለች። «የያዙት ለእርስዎ መኪና ጥሩ ነው፤ ጥሩ ባይሆን እርስዎ አይዙትም። የእኔ ሞተር የሚወስደው ግን ሌላ ዓይነት ነው። ሁለቱ ሲቀላቀሉ እየቆዩ ይረጋሉ። ይልቅ ንጹሕ ውሃ ካለዎት አይንፈጉኝ፤ ቀስ እያልኩ እስክደርስ ያደርሰኛል።»

ሰዎቹ አጉረመረሙ። «ውይ! ኩላንት ኩላንት ነው፤ ምን ልዩነት አለው!» አለ አንዱ። አረጋዊው ግን ጄሪካናቸውን ከድነው ወደ መኪናቸው ሄዱ፤ ለመጠጥ የያዙትን ውሃ አምጥተውም በገዛ እጃቸው ሞሉላት። እኔ ይህችን ሴት የማደንቃት እዚህ ላይ ነው። ብዙዎቻችን እንዲህ ሲገጥመን ወይ ሰውየውን እናስቀይማለን፣ ወይ ፈርተን ያመጣብንን ሁሉ እንቀበላለን። እሷ የማይሆናትን መለሰች፤ የሚሆናትን ደግሞ ከዚያው ሰው ለመነች። አረጋዊውም ረድተዋት፣ ደስ ብሏቸው ሄዱ።

ሙሽራው ግን ተቆጣ። «ስንት ኩላንት ቀርቦልሽ ውሃ? አማቶቼ ፊት ልታዋርጂኝ ነው እንዴ!» አላት። ከኋላ ተከትሏቸው የመጣው ያጎቱ ልጅም የራሱን መኪና ኮፈን ከፈተ፤ የእሱም ጎደል ብሎ ነበር። «እሷ ካልፈለገች ለኔ ስጡኝ!» አለ እየሳቀ፤ ከአረንጓዴውም፣ ከቀዩም፣ ከሰማያዊውም እስኪሞላ አስጨመረ። ሙሽራው ወደ እሱ መኪና ተዛወረ፤ ጡሩምባቸውን እያስጮኹ ዳገቱን ወጡ።

እሷ ቀሪዎቹን ሚዜዎች ይዛ በዝግታ፣ መለኪያው ከፍ ሲል እያቆመች፣ ሲወርድ እየተነሣች ተከተለች። ስትደርስ ሠርገኛው በልቶ ጭፈራው ደርቷል። «ባለ ውሃዋ መጣች!» ብለው ሳቁባት። ሲመለሱ ውሃውን ጋራዥ አስወጥታ፣ ራዲያተሩን አሳጥባ፣ የራሷን ኩላንት እስክታገኝ ፈልጋ ሞላች። ያን ዕለት ልክ የነበረችው እሷ መሆኗን ማንም አላየም። የአጎቱ ልጅ መኪና ምንም አልሆነም፤ እንዲያውም ሙሽሮቹን ይዞ የተመለሰው እሱ ነው።

ከወራት በኋላ ያ መኪና መንገድ ላይ አፈላና ቆመ። ያጎቱ ልጅ ማንን ይጥራ? አፍሮም ቢሆን እሷን ጠራ። ገመድ ይዛ መጣች፤ እየጎተተች ጋራዥ አደረሰችው። መካኒኩ ራዲያተሩን ሲከፍተው ውስጡ ያለው እንደ አጥሚት ወፍሯል፤ ሞተሩም ተጎድቷል። ልጁ ጭንቅላቱን ይዞ «ከነዚያ ውስጥ መጥፎው የቱ ነበር?» ብሎ ጠየቃት። ሌላ ሰው ቢሆን «ነግሬህ አልነበር?» የሚልበት ቦታ ነው።

«አንዱም መጥፎ አልነበረም» አለችው። «ሁሉም ለየመኪናቸው ጥሩ ነበሩ።»

እንግዲህ ልጄ፣ የአንቺም ነገር እንደዚሁ ነው። እናትሽ «ጠበቅ አድርጊው» አለችሽ፤ በእሷ ትዳር ሠርቶላታል። አማትሽ «ቻይው» አሉሽ፤ እሳቸውም ችለው ነው ሦስት ጉልቻቸውን ያቆሙት። ጎረቤትሽ «አኩርፈሽ አሳዪው» አለችሽ፤ የእሷ ባል ኩርፊያ ይገባው ይሆናል። አንዳቸውም ክፉ አልተመኙልሽም። አንቺ ግን አንድም ሳትመልሺ ሁሉንም አንድ ጎጆ ውስጥ አፈሰስሽው። ሰኞ ትጠብቂበታለሽ፣ ማክሰኞ ትችይዋለሽ፣ ረቡዕ ታኮርፊያለሽ። ያ ምስኪን የትኛዋን ሚስት እንዳገባ ግራ ቢገባው ትፈርጂበታለሽ?

ከእንግዲህ የሚመክርሽን ሰው አታስቀይሚ። «እማዬ፣ ምክሩ ይቆየኝና እስኪ አጠገቤ ዋዪ» በያት፤ ይህን እንደዚያ ውሃ የትኛውም ቤት ይቀበለዋል። እኔም ብሆን ከዚያ ሁሉ ላይ የራሴን ልጨምርብሽ አልፈልግም። አንድ ነገር ብቻ ልበልሽ። ከመጣሽ ጀምሮ ስለ ባልሽ ጠባይ ማን ማንን እንዳማከርሽ ስትነግሪኝ ቆየሽ፤ «እሱን ጠየቅሁት» ስትዪ ግን አልሰማሁም። በይ ተነሺ፣ ዛሬ ከሥራ ሲገባ እሱኑ ጠይቂው።