ከደሴቲቱ ጀርባ የሚያርፈው ጀልባ

አንድ ሰው ነበረ። ሥራው ዓሣ ማጥመድ ነው። በቀይ ባሕር ላይ ካሉት ደሴቶች በአንዷ፣ ዛፍ በማይበቅልባት፣ የሚጠጣ ውኃ ከጥቂት ጉድጓድ በሚቀዳባት ትንሽ መሬት ላይ ሚስቱንና ሁለት ሴቶች ልጆቹን ይዞ ይኖር ነበር። ሀብቱ አንድ ጀልባ ነው፤ እሱንም አባቱ ነው ትቶለት የሞተው። በዚያች ደሴት ጀልባ ያለው ሰው ቤት አለው፣ ስም አለው። ጀልባ የሌለው ወደ የብስ ተሻግሮ በወደብ ላይ የሰው ጆንያ ይሸከማል።

በዚህ ሰው ላይ ክፉ ዘመን መጣበት። መጀመሪያ ማዕበል የጀልባውን ምሰሶ ሰበረው። ምሰሶውን ጠግኖ በወጣ በሳምንቱ ሻርክ መረቡን በረቃቀሰው። መረቡን ሰፍቶ ሳይጨርስ የዓሣ እሾህ የወጋው እጁ አመረቀዘና ሲያቃስት ከረመ። ከዚያ ሁሉ በኋላ ደኅና ምሰሶ፣ ደኅና መረብና ደኅና እጅ ይዞ ሲወጣ ደግሞ ባሕሩ ባዶ ሆነበት። መረቡን ይጥላል፣ ይስባል፤ የሚወጣው ውኃ ነው። በማግሥቱም ውኃ። ከዚያም በኋላ ውኃና የማን እንደሆነ የማይታወቅ አሮጌ ጫማ።

«ታገሥ» ይሉት ነበር ሰዎች። መከራ የደረሰበትን ሰው «ታገሥ» የሚሉት አብዛኛውን ጊዜ እራታቸውን በልተው የወጡ ናቸው። ሰውየውም ይህን ስለሚያውቅ ቃሉን በሰማ ቁጥር ጥርሱን ያፋጭ ነበር። ጥፋት አልነበረበትም። ሥራውን አልናቀ፣ የሰው መረብ አልቆረጠ፣ የባልንጀራውን ዓሣ አልሰረቀ። ቢቆጣ ማን ይፈርድበታል?

በዚያች ደሴት አንድ ልማድ አለ። ከሰዓት በኋላ ጀልባዎቹ ሁሉ በምዕራቡ ዳርቻ አሸዋው ላይ ይወጣሉ። በዚያ ቀን ምንም ያልያዘ ሰው ቅርጫቱን እግሩ ሥር በአፉ ይደፋውና ዝም ብሎ ይቆማል። አይለምንም፣ አያስረዳም። ዓሣ ይዞ የመጣው ፊተኛ ሰው ቅርጫቱን ቀና ያደርግና ከራሱ አንድ ዓሣ ይጥልበታል፤ ከኋላ የሚመጡትም እንዲሁ። ዛሬ የተቀበለ ሌላ ቀን ይሰጣል። ከዚያ ሁሉም እዚያው ተቀምጠው የዓሣቸውን ሆድ እየዘረገፉ፣ መረባቸውን እየሰፉ ያወራሉ፤ ማን የት ጣለ፣ ውኃው ምን መልክ ነበረው፣ የዓሣው ሆድ ውስጥ ምን ተገኘ። የዓሣ ሆድ ዓሣው የት እንደዋለ ይናገራልና።

ሰውየው ብዙ ቀን ቅርጫቱን ደፍቶ ቆሟል። መቆሙ ባይጥመውም ቆሟል። አንድ ቀን ግን ጎረቤቱ ሐምዳን፣ ቀልድ ከአፉ የማይጠፋው ወፍራሙ ሐምዳን፣ ቅርጫቱን ሊያነሣ ጎንበስ ካለ በኋላ እጁን መለሰ።

«ይህንስ ባልነካው ይሻላል» አለ። «ይህን ያህል ተደፍቶ የከረመ ቅርጫት እንቁላል ሳይታቀፍ አይቀርም። ሰሞኑን ጫጩት እናያለን።»

ሰዉ ሳቀ። ክፋት የለበትም፤ ሐምዳን ራሱ በተደፋ ቅርጫት አጠገብ ቆሞ ስንት ጊዜ ተስቆበታል። ለሰውየው ግን ሳቁ በቁስል ላይ እንደተነሰነሰ ጨው ሆነበት። ሐምዳን ከሳቁ በኋላ የጣለለትን ዓሣ ከቅርጫቱ አንሥቶ አሸዋው ላይ ወረወረና ባዶ ቅርጫቱን ይዞ ሄደ።

ከዚያ ወዲያ በምዕራቡ ዳርቻ አልታየም። የደሴቲቱ ጀርባ ስለታም ድንጋይ የሞላበት ነው፤ ጀልባ የሚያሳርፍበት ሰው የለም። እሱ ግን እዚያ እያረፈ፣ ጀልባውን ብቻውን እየጎተተ ያወጣ ጀመር። ድንጋዩ የጀልባውን ሆድ ይፍቀዋል። ይፋቀው። ማንም አያየውም፣ እሱም ማንንም አያይም። ማለዳ ሌሎቹ ሳይነሡ ይወጣል፤ የሚሄደውም አባቱ ወዳሳየው ቦታ፣ በሰሜን በኩል ወዳለው ትልቅ ቋጥኝ ነው። እዚያ ይጥላል፤ ባዶ። በማግሥቱም እዚያው ይጥላል። በመጨረሻ መረቡን ከመሳቡ በፊት መሳደብ ለመደ። ባሕሩን ይሰድባል፣ ነፋሱን ይሰድባል፣ ቀና ብሎም «ምን በደልሁህ?» ይላል። ከላይ መልስ አይመጣም፤ ከታችም የሚመጣው ያው ውኃ ነው።

የጎረቤት ሴቶች ልማዱ እንዳይቀር ዓሣ ይዘው ወደ ቤቱ መጡ። እሱ በር ላይ ተቀበላቸውና ዓይናቸው እያየ ለድመቶች ወረወረው።

«የምጽዋት ዓሣ ቤቴ አይገባም» አለ።

«ምጽዋት ማን አለው?» አለች ሚስቱ ሴቶቹ ከሄዱ በኋላ። «አንተስ በደኅናው ጊዜ የስንቱን ቅርጫት ቀና አላደረግህም? ሐምዳን ወገቡ ተይዞ የተኛ ጊዜ ልጆቹን ማን አበላ? ያ ምጽዋት ነበር?»

«ያ ሌላ ነው።»

«በምን ሌላ ሆነ?»

«ሌላ ነው አልሁሽ። ደግሞ ስሚ፤ ከእነዚያ ሰዎች ወሬ ለቃቅመሽ እዚህ ቤት ብትገቢ እኔና አንቺ አንተዋወቅም። ማን ያዘ፣ ማን አልያዘ፣ አንዲት ቃል መስማት አልፈልግም።»

ልጆቹ ከባሕሩ ዳር ዛጎል እየሰበሩ የሚገኘውን ያኝኩ ነበር። የትንሿ ክንድ ቀጥኖ አምባሯ አልቆም ብሏት እየወለቀ ይወድቃል። እናትየው አምባሩን አንሥታ በክር አሰረችላት፤ ያን ጊዜም ምንም አልተናገረች።

አንድ ቀን ሰውየው እንደ ልማዱ ባዶ እጁን ተመልሶ መጥረቢያ ፈለገ።

«ምን ልታደርግበት ነው?» አለችው።

«ጀልባውን እሰነጥቀዋለሁ። ማገዶ ይሁን። ለዚህ እንኳ ይጥቀመን።»

«ከዚያስ?»

«እንሻገራለን።»

«ተሻግረንስ?»

«እሸከማለሁ። ጆንያ አይስቅብኝም።»

እሷም እሱም የሚያውቁት ነገር አለ። በዚያች ዛፍ የሌለባት ደሴት አንዴ የተሰነጠቀ ጀልባ በሌላ አይተካም። የሚሻገር ሰውም አይመለስም። ሰውየው መጥረቢያውን ይዞ ወደ ድንጋዩ ዳርቻ ሄደና መሳል ጀመረ። ሚስቱ ደግሞ ቅርጫቱን አነሣችና በሌላው በኩል ወረደች።

ጀልባዎቹ ሲወጡ ደረሰች። ወንዶቹ መካከል ገባችና ቅርጫቱን እግሯ ሥር ደፍታ ቆመች። እዚያ ቦታ ሴት ቆማ አታውቅም።

«ልጄ፣ ሴት እዚህ አትቆምም» አላት አንድ ሽማግሌ።

«ባል ያላት ሴት አትቆምም» አለች። «የእኔ ባል የት እንዳለ የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ፤ እኔም ቅርጫቴን ይዤ ልሂድ።»

ማንም አልሳቀም። ሐምዳን መጣና ቅርጫቱን ቀና አደረገ፤ ከያዘውም ትልቁን መርጦ ጣለበት።

«ለአንቺና ለልጆቹ ነው» አለ ዓይኗን ሳያይ። «እሱማ ለድመት ነው የሚጥለው።»

«ይህን አይጥለውም» አለችው።

ስትመለስ ባሏ መጥረቢያውን ስሎ ጨርሶ ከጀልባው አጠገብ ቆሟል። እሷ አላለቀሰችም፣ አልለመነችውም። ዓሣውን ጀልባው ጠርዝ ላይ አጋደመችና ቢላዋ አወጣች።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«እራት እየሠራሁ ነው። አንተ ማገዶውን እስክትፈልጥ።»

ሆዱን ሰነጠቀችው፤ ሆድ ዕቃው ጠርዙ ላይ ፈሰሰ። ሰውየው ተቆጥቷል፤ ቢሆንም ዓሣ አጥማጅ ነው፤ የተዘረገፈ የዓሣ ሆድ ሳያይ ማለፍ አይችልም። አየ። ጠጋ ብሎ አየ። በሰሜኑ ቋጥኝ የሚውል ዓሣ ሆዱ ውስጥ የሸርጣን ቅርፊት አይጠፋም። በዚህኛው ሆድ ግን አንድም ቅርፊት የለም። ገና ያልተፈጩ፣ ጣት የሚያህሉ ብርማ ዓሦችና ግራጫ ጭቃ ነበር የሞላው። በሰሜኑ በኩል ደግሞ ጭቃ የለም።

«ይህ ከየት የመጣ ዓሣ ነው?» አለ።

«የምጽዋት ዓሣ ነው። ምን አገባህ?»

«ከየት ነው አልሁሽ።»

«ከደቡቡ ሰርጥ። ነፋሱ ከዞረ ጀምሮ ደሴቲቱ በሙሉ የሚጥለው እዚያ ነው። ሕፃናቱ እንኳ ያውቃሉ።»

«አንቺስ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

ሴቲቱ ቢላዋውን አስቀመጠችና ቀና ብላ አየችው። «አንዲት ቃል ትሰማኝ ነበር?» አለች። «ወሬ ይዘሽ ብትገቢ አንተዋወቅም ያልኸኝ አንተ ነህ። እኔም ፈራሁህ፤ ፈርቼም ልጆቼን አስራብሁ። የዛሬው ግን ከፍርሃቴ በለጠ። አሁን ጀልባውን መስበር ትችላለህ።»

ሰውየው ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ። ማዕበሉ እውነት ነበር፣ ሻርኩ እውነት ነበር፣ እሾሁም እውነት ነበር። ያን ያደረሰበት ማንም ይሁን ማን ቁጣ ይገባዋል። ነገር ግን ያ ክፉ ዕድል ነፋሱ የዞረ ጊዜ ትቶት ሄዷል። ትንንሾቹ ዓሦች ወደ ደቡብ ሄዱ፣ ትልልቆቹም ተከተሏቸው፤ ሰው ሁሉ ምዕራብ ዳርቻ ተቀምጦ ይህን ሲያወራ፣ እሱ ብቻውን ባዶ ቋጥኝ ላይ መረብ እየጣለ ፈጣሪን ሲከስ ከረመ። ዕድሉ ለቆ የሄደውን ቦታ ቁጣው ገብቶ ተቀምጦበት ነበር።

ይህን ሲያውቅ ልቡ የለዘበ ይመስልሻል? አልለዘበም። ይልቁንም ባሰበት። በሐምዳን ተቆጣ፣ በሚስቱ ተቆጣ፣ ጭቃ በበላው ዓሣ ተቆጣ፤ ከሁሉም አብልጦ በራሱ ተቆጣ። መጥረቢያውን ግን አላነሣውም። የተሰጣቸውንም ዓሣ በዚያ ምሽት ከልጆቹ ጋር በላ፤ ማንንም ቀና ብሎ ሳያይ በላ።

በደቡቡ ሰርጥ ውኃው ይሮጣል። አንድ ጀልባ ብቻውን መረብ ቢዘረጋ ውኃው ጠቅልሎ ይወስድበታል፤ ሁለት ጀልባዎች የመረቡን ጫፍና ጫፍ ይዘው መቅዘፍ አለባቸው። ስለዚህ ሰውየው በማግሥቱ ማለዳ ጀልባውን ደሴቲቱን አዙሮ፣ ሰው ሁሉ እያየው፣ በምዕራቡ ዳርቻ አወጣው። ፊቱ ጠቁሯል። ቅርጫቱን ደፍቶ ቆመ።

ሐምዳን መጣ።

«ልታረቅህ አልመጣሁም» አለው ሰውየው። «ገና አልበረደልኝም። ዛሬም ሳይህ ደሜ ይፈላል።»

ሐምዳን ጎንበስ ብሎ ቅርጫቱን ቀና አደረገ። የመረቡን ጫፍ ገመድ አነሣና ወረወረለት።

«ይፍላ» አለው። «ገመዱን ግን ያዝ።»

ያዘ። አብረው ወጡ። እሱ ፈጠነ፣ ያኛው ዘገየ፣ ሲጨቃጨቁ ዋሉ። በዚያ ቀን ያገኙት ዓሣ ብዙ አልነበረም፤ እንዲያውም ጥቂት ነበር። ነገር ግን ማታ ጀልባው አሸዋ ላይ ነበር፣ ሰውየውም ከሰው ጋር ተቀምጦ መረብ ይሰፋ ነበር።

ይህን የተናገሩት አንድ መምህር ናቸው። የተናገሩትም ባሏ ለሞተባት ሴት ነው። ሴትዮዋ እናቷን በቀበረች በዓመቱ ቤቷን ጎርፍ ወሰደው፤ ቤቱን መልሳ አቁማ ጣሪያው ሳያልቅ ባሏ ሞተ። ቤቷን ዘግታ ከረመችና አንድ ቀን ወደ እሳቸው ሄዳ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀቻቸው፦ «እግዚአብሔርን ብቆጣው ኃጢአት ነው ወይ?»

መምህሩ ተረኩን ሲጨርሱ ወደ እሷ ዞሩ።

«ለእግዚአብሔር አትጨነቂለት» አሉ። «የሰው ቁጣ ከብዶት አያውቅም። ኢዮብም በአመድ ላይ ተቀምጦ ያልተናገረው የለም፤ ከኢዮብ ይልቅ የተወቀሱት ሊያጽናኑት የመጡት ወዳጆቹ ናቸው። ባልሽን ተነጥቀሻል። ተቆጪ። ታገሺ የሚልሽን ሰው እኔም አልወደውም። እኔን ያስፈራኝ ሌላ ነገር ነው። ጎረቤቶችሽ እዝን ይዘው ቢመጡ ከደጅ መለስሻቸው አሉ። ባሏ ያልሞተባት ሴት የቀቀለችውን አልበላም አልሽ አሉ። እውነት ነው?»

ሴትዮዋ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች።

«እንግዲህ ያ ሰው አንቺ ነሽ። እዝኑ የተደፋውን ቅርጫት ቀና ማድረጊያ ነው፤ አንቺ ግን ጀልባሽን ከደሴቲቱ ጀርባ አሳርፈሻል። የመጣብሽ መከራ እውነት ነው፤ እኔ አልክደውም። አንድ ቀን ግን ነፋሱ ይዞራል። ያን ቀን የሚነግርሽ ሰው ያስፈልግሻል፤ ብቻሽን ሆነሽ አታውቂውም፤ በባዶው ቋጥኝ ላይ ስትጥዪ ትኖሪያለሽ። ጎረቤትሽ ነገም ትመጣለች። ስትመጣ ክፈቺላት። ፊትሽን አጥቁረሽ ክፈቺላት። ገና አልበረደልኝም በያት። ሳህኑን ግን ተቀበያት።»

ሴትዮዋ ነጠላዋን አጣፍታ ተነሣች። ከዚያ፣ «የእሷ ንፍሮ እኮ ጨው የለውም» አለች፤ ድምፅዋ የተቆጣ ሰው ድምፅ ነበር።

«እሱንም ንገሪያት» አሉ መምህሩ። «ደጁን ከፍተሽ ንገሪያት።»