ገደሉና ጭብጨባው

የቪዲዮ ጨዋታ ገበያ ከመውጣቱ በፊት እየተጫወተች እንከኑን የምታወጣ አንዲት ምላሰኛ ልጅ ነበረች። ሙያዋ ይህ ነው ቢባሉም ጎረቤቶቿ አልገባቸውም፤ «አይዞሽ፣ ይተዋታል» እያሉ እናቷን ያጽናኑ ነበር።

አንድ ቀን አቶ ዘርጋው የሚባሉ ከበርቴ፣ ጀግናው ራሳቸው የሆኑበት ጨዋታ አሠሩና እሷን ቀጠሩ። በጨዋታው ውስጥ ቦርጫቸው ጠፍቶ በፈረስ ተራራ ይዘላሉ። ልጅቷም ሥራዋ ነውና አቶ ዘርጋውን ከግንብ ጋር ስታላትም፣ ገደል ስትከት ሰነበተች። ወሬው ጆሯቸው ገባና አስጠሯት።

ሳሎናቸው፣ ባስነጠሱ ቁጥር በሚያጨበጭቡላቸው አጃቢዎች ተሞልቷል።

«ስሚ አንቺ» አሏት። «ጨዋታው እንከን አለው ካልሽ እኔን መስደብሽ ነው፤ ትባረሪያለሽ። የለውም ካልሽ ደግሞ ሥራ ሳትሠሪ እንጀራዬን በልተሻል፤ ያም ቢሆን ትባረሪያለሽ። በይ ተናገሪ።»

አጃቢዎቹ አጨበጨቡ።

ልጅቷ እጅ ነሥታ፣ «ጌታዬ፣ አንድ እንከን ያገኘሁ መስሎኝ ነበር» አለች። «እርስዎ ገደል በገቡ ቁጥር፣ አፋፉ ላይ የቆሙት ሰዎች ‹ድረሱላቸው› በማለት ፈንታ ያጨበጭባሉ። ይህስ ከእውነት የራቀ ነው፣ ይስተካከል ልል ነበር የመጣሁት። እዚህ ገብቼ ሳይ ግን ልክ ሆኖ አገኘሁትና ተውኩት።»

አቶ ዘርጋው ወደ አጃቢዎቻቸው ዞሩ።

አጃቢዎቹም እንደ ልማዳቸው አጨበጨቡ።