ጀርባዋን የሸጠች ጃርት

ተረት ልጀምር ነው፤ የሚያወራ ዝም ይበል፣ የሚያንቀላፋም ይንቃ። ሰማችሁ? በሉ እንግዲህ።

ድሮ ድሮ፣ እንስሳት በሚገበያዩበት፣ ዕቃም አፍ አውጥቶ በሚናገርበት ዘመን፣ ወስፌ ሻጭ ጃርት ነበረች። ከጀርባዋ እሾህ ትነቅላለች፣ በሞረድ ታሾላለች፣ ትሸጣለች። ትነቅላለች፣ ታሾላለች፣ ትሸጣለች። በአንድ ወስፌ አንድ ስኳር ድንች ትቀበላለች። የተነቀለው እሾህ ሰንበት ብሎ ይበቅላልና ሥራው መልካም ሥራ ነበር።

ግን ምን ያደርጋል! ይሉኝታ የሚባል በሽታ ነበረባት። «የለም» ማለት አታውቅም። ሌሎቹ ነጋዴዎች ቅዳሜ ገበያ ውለው በሌላው ቀን ሲያርፉ፣ እሷ «አንድ ቀን ከቀረሁ ደንበኛዬ ይሄድብኛል» እያለች ሳምንቱን ሙሉ መደቧ ላይ ተጎልታ ትውላለች። ምራቂ የጠየቃትንም ሁሉ ትመርቃለች።

አያ ዝንጀሮ መጣ።

«እትዬ ጃርት፣ ጎፈሬዬን የምበትንበት ወስፌ ስጪኝ።» ሰጠችው። «ምራቂስ? ወንድምሽ አይደለሁም?»

«እሺ» አለችና ነቀለች።

እመት ጦጣ መጣች።

«እትዬ ጃርት፣ ስፌት የምሰፋበት ወስፌ ስጪኝ።» ሰጠቻት። «ምራቂስ? ጎረቤትሽ አይደለሁም?»

«እሺ» አለችና ነቀለች።

አያ ጅቦ መጣ።

«እትዬ ጃርት፣ ጥርሴን የምጎረጉርበት ወስፌ ስጪኝ።» ሰጠችው። «ምራቂስ? ደንበኛሽ አይደለሁም?»

«አያ ጅቦ፣ ጀርባዬ እኮ ሳሳ።»

«ውይ፣ ታዲያ ከጅራትሽ ንቀይዋ!» አለ፣ ደግ ምክር የመከራት መስሎት።

«እሺ» አለችና ከጅራቷ ነቀለች።

እንዲህ እንዲህ እያለ እሾኋ መመናመን ጀመረ። አዲሱ ሳይበቅል አሮጌው ያልቃል። ጠዋት ጠዋት ሞረዱን ታነሳና መልሳ ታስቀምጠዋለች። ስኳር ድንቹ አልጣፍጥ አላት፤ እንቅልፉም እንቢ አለ። ሥራውን መተው አትችል፣ መሥራት አትችል፣ እዚያው መደቡ ላይ ተገትራ ቀረች።

«መሮኛል! አንገፍግፎኛል!» እያለች ብቻዋን ትነጫነጫለች።

«አንቺ ሴትዮ» አላት ሞረዱ፣ «እኔ ድንጋዩ እንኳ ተሟጥጬ አለቅሁ። አንቺ ሥጋ ለባሿ መቼ ነው የምታርፊው?»

«እኔም ጎበጥኩ!» አለ መደቡ። «እሑድ እንኳ አትነሺልኝም?»

«ዝም በሉ! እኔ ባርፍ ማን ያበላኛል?»

«ካላረፍሽስ ማን ይበላሻል?» አለ ሞረዱ።

እሷ አልሰማችውም። ነብር ግን ከገበያው ማዶ ኮረብታ ላይ ተኝቶ ጀርባዋን እያየ ነበር። ነብር ጃርትን ሲመኝ የኖረ ነው፤ የሚፈራው እሾኋን ብቻ ነበር።

አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ፣ ገበያው ጭር ባለበት ሰዓት፣ ነብር ቀስ እያለ መጣ።

«እንደምን ዋልሽ እትዬ ጃርት። ወስፌ ፈልጌ ነበር።»

ጃርት ጀርባዋን ዳሰሰች። ጀርባዋ ላይ የቀረው ሦስት እሾህ ብቻ ነው። «አልቋል» እንዳትለው፣ እሾህ የላትም ማለት ነውና ይበላታል። ብትሰጠውም ያልቃል፣ ሲያልቅም ይበላታል። ጨነቃትና አንዱን ነቅላ ሰጠችው። ነብር አላየውም እንኳ፤ ወደ ኋላ ወረወረው።

«ሌላም እፈልጋለሁ።»

ሁለተኛውንም ሰጠችው። ወረወረው። ስኳር ድንች የሚባል ነገር ይዞ አልመጣም።

«በይ ያቺን የቀረችውን ደግሞ ለምራቂ ጨምሪልኝ። ደንበኛሽ አይደለሁም?»

እጇ እንደ ልማዱ ወደ ጀርባዋ ሄደ። «እሺ» አፏ ላይ ደርሳ ነበር። ግን የዝንጀሮው፣ የጦጣዋ፣ የጅቡ ሁሉ ነገር አንድ ላይ መጣባትና ደሟ ፈላ።

«የለም!» አለች። ድምፅዋ ራሷንም አስደነገጣት። «የለም! አልሰጥም! አልነቅልም! ወንድሜም አይደለህ፣ ጎረቤቴም አይደለህ፣ ደንበኛዬም አይደለህ! ጥፋ ከፊቴ!»

ይህን ብላ ጀርባዋን አዞረች፤ ወደ ኋላ ተንደርድራም ያቺን የቀረችዋን እሾህ አፍንጫው ላይ ሰካችለት።

«ወይኔ አፍንጫዬን!» አለ ነብር። «ይህች ጉደኛ ሌላ ስንት ደብቃ ይሆን!» እሾሁን እንደተሸከመ ወደ ጫካው ፈረጠጠ።

ጃርትም መደቡን ትታ ጉድጓዷ ገባች። አያ ዝንጀሮ መጥቶ ተጣራ፤ «የለም!» አለችው ከውስጥ። እመት ጦጣ መጥታ ተጣራች፤ «የለም!» አለቻት። «ምን ነካት? ኮራች!» እያሉ አሟት። እሷ ግን ተኛች። ስትነቃ ያከማቸችውን ስኳር ድንች በላች፤ ስትጠግብ ተኛች። ክረምቱ አለፈ። እሾኋም ጥቅጥቅ ብሎ በቀለ።

በመስከረም፣ በቅዳሜ ቀን፣ ጃርት ገበያ ወጣች። መጀመሪያ የመጣው አያ ጅቦ ነው።

«እትዬ ጃርት! ጠፋሽ እኮ። ወስፌ ስጪኝ።» ሰጠችው። «ምራቂስ?»

ጃርት ወደ ጀርባዋ የሄደውን እጇን መለሰች።

«የለም።»

ጅቦ ጆሮውን አከክ አከክ አደረገ።

«እሺ» አለና ስኳር ድንቹን አስቀምጦ፣ ወስፌውን ይዞ ሄደ።

ጃርት አፏን ከፍታ ከኋላው አየችው። ከዚያ ንዴቷ መጣ።

«እሺ? እሺ ብቻ?» አለች። «ይህን ሁሉ ዘመን ጀርባዬን ስነጭ፣ ነገሩ ይኼው ነበር?»

«ነግረንሽ ነበር» አለ ሞረዱ።

«ዝም በል አንተ!» አለችው። ግን ከት ብላ ሳቀች።

ተረቴን እዚህ ላይ ጨርሻለሁ፤ እናንተም ወደየቤታችሁ ግቡ፣ እኔም ልረፍበት። «የለም» ያለ ነጋዴ ደንበኛ አያጣም፤ ለሁሉ «እሺ» ሲል የኖረ ግን ራሱን ያጣል።